«ላም አምላኪ» ለሚለው ቃል ምን ዓይነት መልስ ይገባዋል?

ሕንዳዊ ሰው በአማርኛ ቀልድ ውስጥ ሲገባ ምን እየሠራ እንደሚገባ ሰሚው አስቀድሞ ያውቀዋል። ራሱን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፤ እንግሊዝኛውን በአፉ ውስጥ ያንከባልላል፤ በመጨረሻም ላም ባየ ጊዜ ይሰግዳል። ሳቁ የሚፈነዳው እዚህች ላይ ነው። «ላም አምላኪ» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲያ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በመሥሪያ ቤትና በሻይ ቤት ሲደጋገም ቀልድነቱ እየቀረ ፍርድ እየሆነ ይሄዳል። ቃሉን የሚናገረው ሰው ክፉ ልብ ያለው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሒሳብ ያስተማረውን ሕንዳዊ መምህር እያመሰገነ የሚያስታውስ፣ በወጣትነቱ በመርካቶ ሲኒማ ቤት የሕንድ ፊልም እያየ እንባውን የጠረገ ሰው ነው። ነገሩን አሳሳቢ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ከጠላት የሚመጣ ስም ማጥፋት መልስ ያገኛል፤ ከወዳጅ የሚመጣ ግን እንደ ጨዋታ ታልፎ ሥር ይሰድዳል።

ጉዳዩ ተራ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ ያስፈልጋል። የሂንዱን እምነት የሚከተለው ሕዝብ በዓለም ላይ ከ1 ቢልዮን በላይ ነው። በሕንድ ብቻ ሳይሆን በኔፓል፣ በባሊ ደሴት፣ በሞሪሺየስ፣ በፊጂ፣ በጉያና፣ በትሪኒዳድ፣ በደቡብ አፍሪካም ይኖራል። የዚህ ሁሉ ሕዝብ ሕይወት በአንዲት ላም ተጠቅልሎ ለኢትዮጵያዊ ሕፃን ሲሰጠው፣ ሕፃኑ ስለ ሂንዱ ያልተማረው ብቻ አይደለም የሚጎድለው፤ ሌላውን ሕዝብ በአንድ ቃል ጨርሶ የማወቅን መጥፎ ልማድ ይማራል። ዛሬ ደግሞ የሕንድ ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ እየተነገሩ በየቤቱ ይታያሉ። «ዚ ዓለም» የተባለው ጣቢያ ሥራው ይኸው ነው። ሙሽራዋ በግንባሯ ላይ ቀይ ነጥብ አድርጋ፣ በቤቷ ጥግ ባለው ምስል ፊት መብራት እያዞረች ስትታይ፣ የቤቱ ልጅ እናቱን «ምን እያደረገች ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እናቲቱ የምትመልሰው መልስ መምህሩ፣ ካድሬውና ደራሲው ቀደም ሲል ያቀበሏትን ነው።

ቃሉ የሚሳሳተው በመጀመሪያ በሰዎቹ ማንነት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከአገሪቱ ነዋሪ ሂንዱው 79.8 በመቶ፣ ሙስሊሙ 14.2 በመቶ፣ ክርስቲያኑ 2.3 በመቶ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት በየጠቅላይ ግዛቱ ተበትነው ያስተማሩት ሕንዳውያን ደግሞ ብዙዎቹ ከኬራላ የመጡ ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል በርካታዎቹ ክርስቲያኖች ናቸው። ፖል ቨርጊዝ የተባለው የኬራላ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1947 መምህር ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ አማርኛ ተማረ፤ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ሠራ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ጳውሎስ ማር ጎርጎርዮስ ተብሎ የሕንድ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የሆነው ይኸው ሰው ነው። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት አንድ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ በተደረገው የአብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ጉባኤ ላይ መሪዋ ተገኝተዋል። ስለዚህ የጠቅላይ ግዛቱ ተማሪ በሹክሹክታ «ላም አምላኪ» እያለ የሚስቅበት መምህር፣ እሑድ ጧት ከተማሪው እናት ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው የሆነበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም።

ይሁን እንጂ መልሱ በዚህ የሚያበቃ ከሆነ ከስድቡ የባሰ ነው። «ተዉ፣ እርሱ ክርስቲያን ነው እንጂ ላም አምላኪ አይደለም» የሚል ተከራካሪ አንዱን ከስድብ አውጥቶ ሌላውን እስከ ዘለዓለሙ እዚያው ውስጥ ይተወዋል። ክርስቲያን ላልሆነው፣ በእውነት ሂንዱ ለሆነው መምህርስ ማን ይመልስለት?

ሂንዱ የሚለው ስም ራሱ ከውጭ የተሰጠ ነው። ሲንዱ ይባል የነበረውን ታላቅ ወንዝ ፋርሶች በአንደበታቸው ሂንዱ አሉት፤ ከወንዙ ማዶ ያለውም ሕዝብ በዚሁ ተጠራ። ስሙ የአንድ ሃይማኖት መጠሪያ ሆኖ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ባለቤቶቹ «ሰናተነ ዳርማ» ሲሉ ይሰማሉ። ዳርማ ማለት ሃይማኖት ብቻ አይደለም፤ ሕግም፣ ሥርዓትም፣ ግዴታም፣ የነገር ሁሉ ትክክለኛ አኳኋንም ነው። አንድ መሥራች፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ሲኖዶስ የለውም። ይህን የመሰለ ሰፊ ነገር በአንድ ቃል እገልጻለሁ ብሎ የተነሣ ሁሉ የሚይዘው ጫፉን ብቻ ነው። ኢትዮጵያዊው ግን የዚህ ዓይነቱ ዕጣ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ጸሐፊዎች ኢትዮጵያን ራሷን አንዳንድ ጊዜ «ሕንድ» እያሉ ይጠሯት ነበር። ፍሬምናጦስ ወደ አክሱም የመጣበትን ታሪክ የጻፈው ሩፊኖስ ሰውዬው የደረሰበትን አገር ሕንድ ብሎ ነው የሚጠራው። ከሩቅ ሆኖ ስም የሚሰጥ ሰው ሁልጊዜ ቸኩሎ ነው የሚሰጠው።

«ላም አምላኪ» የሚለውን አስተሳሰብ አማርኛ ተናጋሪው ፈልስፎ አላመጣውም፤ ተውሶታል። ጄምስ ሚል የተባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1817 ስለ ብሪታንያ ሕንድ የጻፈውን ታሪክ ባሳተመ ጊዜ ሕንድን አንድ ቀን እንኳ አይቷት አያውቅም፤ ከቋንቋዎቿም አንዱን አያውቅም ነበር። ይህንንም እንደ ጉድለት ሳይሆን ለማያዳላ ፍርድ እንደሚጠቅም ነገር አድርጎ ነው በመቅድሙ ያቀረበው። መጽሐፉ ሕንድን ሊገዙ የሚላኩ ወጣት ሹማምንት ይሠለጥኑበት በነበረው ኮሌጅ መማሪያ ሆነ። ቅኝ ገዥው የሚገዛው ሕዝብ አእምሮው የደከመ፣ አምልኮው የረከሰ መሆኑን ማመን ነበረበት፤ አለዚያ በዚያ የሚያደርገውን ለራሱ ሕሊና ምን ብሎ ያስረዳዋል? ካድሬው ይህን የኢኮኖሚና የርዕዮተ ዓለም ትስስር በሌላ ቦታ ሁሉ ያስተምራል። ሂንዱ ላይ ሲደርስ ግን የቅኝ ገዥውን መነጽር እንዳጠለቀ ይስቃል።

ከተውሶው ሁሉ አስደናቂው «ጃገርኖት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። እንግሊዛዊ ይህን ቃል የሚጠቀምበት ፊቱ የቆመውን ሁሉ እየደፈጠጠ የሚሄድን ጨካኝ ኃይል ለመግለጽ ነው፤ በጎዳና ላይ የሚያስፈራውንም ግዙፍ የጭነት መኪና በዚሁ ስም ይጠራዋል። ቃሉ የተወሰደው ጃገናት ከተባለው፣ በኦዲሻ ግዛት በፑሪ ከተማ ቤተ መቅደሱ ካለው አምላክ ስም ነው። ትርጉሙም የዓለም ጌታ ማለት ነው። በየዓመቱ በክረምቱ መግቢያ ሦስት የእንጨት ሠረገላዎች ይወጣሉ፤ የጃገናት ሠረገላ 16፣ የወንድሙ የበለብሃድራ 14፣ የእኅታቸው የሱብሃድራ 12 መንኮራኩር አላቸው። ሠረገላዎቹ በየዓመቱ በአዲስ እንጨት እንደገና ይሠራሉ። ሕዝቡ በወፍራም ገመድ ይስባቸዋል። ምእመናን ሆን ብለው ከመንኮራኩሩ ሥር እየተወረወሩ ይሞታሉ የሚለውን ወሬ የአውሮፓ ተጓዦችና ሚስዮናውያን ለአገራቸው ሰው አጋንነው አወሩት፤ በእንዲህ ያለ ሕዝብ ብዛት መካከል የሚደርሰው አደጋም የአምልኮው ዓላማ ሆኖ ተቆጠረ። ተጓዦቹ ሊያወሩት ይገባ የነበረ ሌላ ነገር ግን በዚያው ቦታ ነበር። ሠረገላዎቹ ከመነሣታቸው በፊት የፑሪው ንጉሥ መጥረጊያ ይዞ ወጥቶ በሕዝብ ፊት የሠረገላውን ወለል ይጠርጋል። ንጉሥ በአምላኩ ፊት ጠራጊ መሆኑን በየዓመቱ የሚያሳይ ሕዝብ ስሙ በዓለም መዝገበ ቃላት ውስጥ የሰፈረው በመደፍጠጥ ነው። በጥምቀት ዕለት ታቦት ሲወጣ ንጣፉን እየሮጠ ወደፊት የሚዘረጋውን፣ መንገዱን የሚጠርገውን ወጣት ያየ ኢትዮጵያዊ የፑሪውን በዓል ለመረዳት ከእንግሊዛዊው ይልቅ ይቀርባል።

ወደ ምስሉ ነገር እንምጣ፤ የክሱ ሁሉ ሥር ይህ ነውና። «ለእንጨትና ለጭቃ ይሰግዳሉ» ይባላል። በቤንጋል በየዓመቱ ለዱርጋ በዓል ቀራፂዎች ከወንዝ ዳር ጭቃ አምጥተው፣ በገለባና በቀርከሃ ላይ እየለጠፉ፣ እጆቿ ዐሥር የሆኑትን እመቤት ይሠራሉ። በዓሉ በተፈጸመ ጊዜ ያ ሁሉ የተደከመበት ምስል በከበሮና በልቅሶ ታጅቦ ወደ ወንዝ ይወርድና ውኃ ውስጥ ይጣላል፤ ጭቃው ወደ ጭቃነቱ ይመለሳል። ይህ የኮልካታ በዓል እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ የኢትዮጵያ መስቀልና ጥምቀትም እዚያው አሉ። አምላኩ ጭቃው ራሱ ነው ብሎ የሚያምን ሰው አምላኩን በገዛ እጁ ወንዝ ውስጥ ይጥላልን? የሂንዱ ምእመን የሚያምነው በሥርዓተ ጸሎት የተጠራው መለኮት ለጊዜው በምስሉ እንደሚያድር፣ ሲሸኙትም እንደሚሄድ ነው። ይህን እምነት አለመቀበል ይቻላል። ያልሆነውን ነው ማለት ግን አይቻልም።

በዚህ ረገድ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ የታጠቀ ቋንቋ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የባሕርይ ስግደትንና የጸጋ ስግደትን ለይተው ካስቀመጡ ስንት ዘመናቸው ነው! በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡ አንዳንድ የአውሮፓ ሚስዮናውያን ምእመናኑ በሥዕለ ማርያም ፊት ሲሰግዱ አይተው ጣዖት አምልኮ ነው ብለው በጻፉ ጊዜ መልሱ ይኸው ልዩነት ነበር። የሂንዱው ስግደትና የኢትዮጵያዊው ክርስቲያን ስግደት አንድ ናቸው ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ወገኖች ይህን አይቀበሉትም። ነገር ግን አንድ ጊዜ በሐሰት የተከሰሰ ሰው ክስ ሲሰማ ቢያንስ ተከሳሹን ይጠይቃል። ቢጠይቅም ከሂንዱዎች ወገን ምስልን ፈጽሞ የማይቀበሉ እንዳሉ ይሰማ ነበር፤ ዳያናንዳ ሰረስዋቲ እ.ኤ.አ. በ1875 የመሠረቱት አርያ ሰማጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለ አማልክት ብዛትም እንዲሁ ነው። ስንት አማልክት አሉ ተብሎ የተጠየቀው ጠቢብ ያጅናቫልክያ በብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ ውስጥ ከሦስት ሺህ ከሚበልጥ ቁጥር ይነሣና፣ ጠያቂው ደግሞ ደጋግሞ ሲይዘው ወደ 33፣ ከዚያም እየቀነሰ እስከ አንድ ይወርዳል። ይህ ውይይት የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በብዙ መቶ ዓመታት ነው።

ስለ ላሟ ብዙ ማለት አያሻም። ሂንዱው ላምን እናት ይላታል፤ ያከብራታል፤ ደሟን ማፍሰስ ነውር ነው ይላል። በታሚል ናዱ በጥር ወር በሚውለው የፖንጋል በዓል ከብቶች ይታጠባሉ፤ ቀንዳቸው ይቀባል፤ የአበባ ጉንጉን ይጠለቅላቸዋል። ሞፈርና ቀንበር በሬ የሚስበው፣ ወተትና ቅቤ ከላም የሚገኘው፣ ምድጃው በኩበት የሚነድደው ገበሬ ይህን ለምን እንደሚያደርግ ጎጃሜው ገበሬ ሊጠየቅ ይችላል፤ በሬዎቹን በስም እየጠራና እያወደሰ ነውና የሚያርሰው። ሂንዱ ሁሉ ሥጋ አይበላም ማለትም ልክ አይደለም፤ በኬራላ የበሬ ሥጋ የሚበሉ ሂንዱዎች አሉ። ደግሞስ አለመብላት ከመቼ ወዲህ ማምለክ ሆነ? እ.ኤ.አ. በ2017 በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ቁጣ ሲዘጋ ኢትዮጵያውያንን «አህያ አምላኪዎች» ያላቸው አልተሰማም።

እዚህ ላይ አንድ የሚገባ ተቃውሞ ይነሣል። «ታዲያ የሂንዱን ስም እናጥራ ሲባል የካስት ሥርዓቱስ ይሸፈን? ከባሏ ሬሳ ጋር የተቃጠለችው ሴትስ? በጥላው እንኳ ያረክሳል የተባለው ጭቁንስ?» አይሸፈንም። አክብሮት ያለበት መልስ ከውሸት ሽንገላ የሚለየው በዚህ ነው። ካስት ነበረ፤ ሕግ ከከለከለውም በኋላ በኑሮ ውስጥ አለ። ነገር ግን ይህን ከሁሉ አስቀድመውና ከሁሉ አምርረው የተዋጉት እነማን እንደሆኑ ሳይነገር ሲቀር ግማሹ እውነት ይቀበራል። መበለቶችን ማቃጠል እ.ኤ.አ. በ1829 በአዋጅ እንዲከለከል ብዕሩን ያነሣው ራም ሞሃን ሮይ የብራህማን ልጅ ነው፤ ክርክሩንም ያደረገው ከራሳቸው ቅዱሳት መጻሕፍት እየጠቀሰ ነው። ራቪዳስ ቆዳ ሠራተኛ፣ ከቢር ሸማኔ ነበሩ፤ መዝሙሮቻቸው ግን ዛሬም ይዘመራሉ። ከማይነኩት ወገን የተወለደው አምበድካር እ.ኤ.አ. በ1927 ካስትን የሚደነግገውን የማኑ ሕግ መጽሐፍ በአደባባይ አቃጠለ፤ የነጻይቱን ሕንድ ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ መራ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የጸናው ይህ ሕገ መንግሥት የማይነካ ሰው የሚባለውን ነገር በ17ኛው አንቀጹ ሻረ። እርሱ ግን በዚህም አልረካም፤ እ.ኤ.አ. በ1956 በናግፑር ከእጅግ ብዙ ተከታዮቹ ጋር ቡድሃዊ ሆነ። የሂንዱ እምነት ከዚህ ሰው የበለጠ ነቃፊ አላገኘም። ነገር ግን አምበድካር የነቀፈውን ነገር በሳንስክሪት ጽሑፎች ውስጥ ተመራምሮ ያውቀው ነበር። በሻይ ቤት «ላም አምላኪ» ከሚለው ጋር ማን ያስተያየዋል? ለነገሩ አንጥረኛውን «ቡዳ»፣ ሸክላ ሠሪዋንና ቆዳ ፋቂውን ያልተጻፈ ሌላ ስድብ እየሰደበ፣ ልጁን ለልጃቸው የማይድር ሰው ስለ ካስት የሚሰብከው በምን አፉ ነው? አፄ ምኒልክ ባለ እጆችን መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ ማስነገር ግድ የሆነባቸው በሕንድ አልነበረም።

እንግዲህ ምን ዓይነት መልስ ነው የሚገባው? ለዚህ ከኪነ ጥበብ ታሪክ የተሻለ አስተማሪ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1927 ካትሪን ማዮ የተባለች አሜሪካዊት «ማዘር ኢንዲያ» የሚል መጽሐፍ አሳተመች። የሕንድን ቤተሰብ ሕይወት እንደ ቆሻሻ ክምር አድርጋ ያቀረበችበት፣ ሕዝቡ ራሱን ለማስተዳደር የሚበቃ አይደለም ለማለት የጻፈችው መጽሐፍ ነበር። በሕንድ ቁጣ ነደደ። ጋንዲ የሰጡት መልስ ግን ሁለት ፊት ነበረው። ጸሐፊዋን የቦይ ቆሻሻ ብቻ ስትቆጥር ከዋለች መርማሪ ጋር አመሳስለው ነቀፏት፤ ይኸው ሳለም መጽሐፉ ለባዕድ ባይጠቅምም ሕንዳዊ ሁሉ ቢያነበው ከውስጡ የሚታረም ነገር እንደሚያገኝ ተናገሩ። ላላ ላጅፓት ራይ በሚቀጥለው ዓመት በመጽሐፍ መለሱላት።

ታላቁ መልስ ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ መጣ። መህቡብ ካን እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው ፊልም ስሙ «ማዘር ኢንዲያ» ነው፤ የስድቡን መጽሐፍ ስም ወስዶ ሌላ ትርጉም ሰጠው። ራድሃ የተባለችው ገበሬ በአራጣ አበዳሪው ዕዳ ትያዛለች፤ ባሏ ድንጋይ ሲፈነቅል እጆቹን አጥቶ ከቤት ይጠፋል፤ በሬ በሌለበት ሞፈሩን በገዛ ትከሻዋ እየጎተተች ታርሳለች፤ በመጨረሻም የመንደሩን ልጃገረድ ክብር ሊያዋርድ የተነሣውን የአብራኳን ክፋይ በጥይት ትገድለዋለች። ፊልሙ በ1958 ለኦስካር ሽልማት ታጭቶ ነበር። ከሁሉ የሚደንቀው ዳይሬክተሩ ሙስሊም መሆኑ ነው፤ ራድሃን ሆና የተጫወተችው ናርጊስም ከሙስሊም ቤተሰብ የወጣች ናት። የሂንዱይቱን እናት ክብር የመለሱላት እነዚህ ናቸው። ፊልሙ አንድም ቦታ ላይ «ማዮ ዋሸች» አይልም፤ ድህነቱን አልደበቀም፤ አራጣውን አልደበቀም። በሬው የሌላትን ሴት በሞፈሩ ሥር ያየ ተመልካች ላም ለምን እንደምትከበር ሰባኪ አያስፈልገውም። የማዮን መጽሐፍ ዛሬ የሚያነበው የታሪክ ተመራማሪ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል መልስ የሚመስል፣ ግን መልስ ያልሆነ ነገር አለ። ሠዓሊው ኤም. ኤፍ. ሁሴን፣ እርሱም ሙስሊም፣ ማሃብሃራታንና ራማያናን በሥዕል ሲተረጉም ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነበር። አማልክትን ራቁታቸውን ሣለ ተብሎ ክስ ተከመረበት፤ ቤቱ ተወረረ፤ ሥዕሎቹ ተቀደዱ። እ.ኤ.አ. በ2006 በ90 ዓመቱ ከአገሩ ወጣ፤ የካታር ዜጋ ሆነ፤ በ2011 በለንደን ሞተ። የዌንዲ ዶኒገር «ዘ ሂንዱስ» የተባለው መጽሐፍ በክስ ብዛት የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2014 ከሕንድ ገበያ ወጥቶ ቅጂዎቹ እንዲደመሰሱ ተወሰነ። ከዚህም የባሰ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በዳድሪ የላም ሥጋ አስቀምጧል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው በሕዝብ ተደብድቦ ተገደለ። ይህን የሚያደርጉት ስለ ሂንዱ ክብር ተነሣን ይላሉ። በእውነቱ ግን ሚል ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ያወራውን ሐሰት እውነት ለማስመሰል እነርሱን ያህል የደከመ የለም። ጋንዲን እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 1948 የገደለውም ሂንዱ ነው፤ ጋንዲም ሂንዱ ነበሩ፤ ለጸሎት ሲሄዱ ነው የተመቱት። የአንዱን እምነት በገዳዩ ወይም በተገዳዩ መመዘን የመዛኙ ምርጫ ነው። በአዲስ አበባ እናቶች የሚወልዱበት ሆስፒታል የትኛውን መርጦ በስሙ እንደተጠራ ይታወቃል።

የቴአትር ሰው በተለይ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ክርክር እ.ኤ.አ. በ1985 ተነሥቶ ነበር። ፒተር ብሩክ ማሃብሃራታን በፈረንሳይ በአቪኞን ከተማ፣ በድንጋይ ካባ ውስጥ፣ ዘጠኝ ሰዓት በሚፈጅ ቴአትር አቀረበው። ተዋንያኑ ከብዙ አገር የተውጣጡ ነበሩ፤ ከቡርኪና ፋሶ የሄደው ሶቲጊ ኩያቴ ታላቁን ሽማግሌ ብሂሽማን ሆኖ ተጫወተ። ዓለም አጨበጨበ። ሕንዳዊው የቴአትር ሐያሲ ሩስቶም ብሃሩቻ ግን ታሪኩ ከተወለደበት እምነትና ኑሮ ተነቅሎ ለምዕራባዊው ገበያ ቀረበ ሲል ሞገተ። ብሃሩቻ ልክ ነበር ወይስ ብሩክ? ሁለቱም በከፊል። ከዚህ ጽሑፍ አንጻር የሚጠቅመው ግን ሙግቱ የተካሄደበት መንገድ ነው። ሐያሲው ቴአትሩ ይዘጋ አላለም፤ ሥራውን ትዕይንት በትዕይንት እየጠቀሰ ጻፈ። እነሆ ያ ሐሳብ ዛሬም ስለ ባህል ውሰት በሚደረገው ክርክር ውስጥ ይጠቀሳል።

በኢትዮጵያ በኩል ይህ ጉዳይ የባዕድ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1984 ወዲህ ኢትዮጵያዊ በባዕድ አገር ራሱን ባስተዋወቀ ቁጥር የሚሰማውን የረኃብ ቀልድ ያውቃል፤ በዚያ ቀልድ ፊት ምን ብሎ መመለስ እንደሚያቅተውም ያውቃል። ረኃብ አልነበረም ቢል ይዋሻል፤ ዝም ቢል ያ ምስል ብቻ እርሱ ይሆናል። ከሕንድም ጋር ያለው ትውውቅ የቆየ ነው። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1553፣ ከየመን የመጡት እጨጌ እንባቆም መጽሐፈ በርለአምን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። ጣዖትን ትቶ የመነነው የሕንድ ንጉሥ ልጅ ታሪክ መሠረቱ የቡድሃ ሕይወት ነው፤ በየአገሩ ቋንቋ እየተለወጠ መጥቶ የክርስቲያን ቅዱስ ሆነ። የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ሕንድን ጣዖት አምላኪ ሲል የተማረው፣ ጣዖትን የናቀውን ጀግና ከዚያችው ከሕንድ ተውሶ ነው። በላሊበላ የቤተ ማርያም መስኮቶች ላይ ደግሞ ክንዶቹ የታጠፉ መስቀል ተፈልፍሏል። ሂንዱው ያንን ምልክት ስዋስቲካ ይለዋል፤ በሳንስክሪት የደኅንነትና የመልካም ዕድል ምልክት ነው፤ በየቤቱ ደጃፍ ይሣላል። ናዚዎች ሰርቀው ካረከሱት በኋላ አውሮፓዊ ጎብኚ የቤተ ማርያምን መስኮት ሲያይ ደንገጥ ይላል፤ አስጎብኚውም ቆም ብሎ ያስረዳዋል። ለመስኮቱ የሚደረገው ማስረዳት ለሂንዱዋ ደጃፍ የሚነፈግበት ምክንያት የለም።

ሥራው የሚጀምረው ከቃል ነው። የሕንድ ድራማ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ «ፑጃ» የሚለውን ሲያገኝ «ጣዖት ማምለክ» ብሎ ቢጽፍ ታሪኩን ሳይሆን ፍርዱን ተረጎመ ማለት ነው፤ «ጸሎት» ቢለው ይቀርባል፤ «ፑጃ» ብሎ ቢተወውና ተመልካቹ ከትዕይንቱ ራሱ ቢረዳው ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። «ሙርቲ» ምስል ነው። «ዳርማ» ሊተረጎም አይችልም፤ ይተው። ጂኦግራፊ የሚያስተምር መምህር «ሕንዶች» ብሎ የጀመረውን ዐረፍተ ነገር በላም ከመጨረሱ በፊት የትኞቹ ሕንዶች፣ የት፣ መቼ ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ተውኔት ጸሐፊውም ሕንዳዊ ገጸ ባሕርይ ከፈለገ በአንድ የወረዳ ከተማ በቆርቆሮ ቤት ተቀምጦ በፋኖስ የሒሳብ ደብተር የሚያርመውን፣ ጧት በክፍሉ ጥግ ላለችው ትንሽ የሰረስዋቲ ሥዕል አበባ የሚያኖረውን መምህር ይጻፈው፤ ሰረስዋቲ የትምህርትና የሙዚቃ እመቤት ናት። አከራዩዋ ሴትዮ በበሩ ቀዳዳ አይተውት በማግሥቱ ምን ብለው እንደሚጠይቁት፣ እርሱም በሚሰባበር አማርኛው ምን ብሎ እንደሚመልስላቸው፣ አንድ ሙሉ ገቢር ይወጣዋል።